ስድስተኛው ዕጣ

ማይከ ብስክሌቷን ልታስገባ የዕቃ ቤቱን በር ስትከፍት፣ አንድ ግዙፍ የደወል ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ አፈጠጠባት። ጋዜጣ በሙጫ እየተለጣጠፈ የተሠራ ነው። ሰማያዊው ቀለም ገና አልደረቀም። ሰዓቱ ሁለት ከሃያ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ «ለእንቅልፋሟ ማይከ» የሚል ተጽፎበታል።

መጀመሪያ ሳቀች። ትምህርት የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ ከቤት የምትወጣው ከሃያ ሲል። ወዲያው ግን ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። የቅዱስ ኒቆላዎስ ዋዜማ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ምሽት ሁሉም በዕጣ ለደረሰው ሰው ስጦታ ይሠራል፣ የሚቀልድበትን ግጥም ይጽፋል፣ ማንነቱ እንዳይታወቅም «ኒቆላዎስ» ብሎ ይፈርማል። ማይከ ግን ለማንም ልትደርስ አትችልም ነበር። የእሷ ስም ያለበት ዕጣ እዚሁ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከአያቷ ኮፍያ ውስጥ የራሷን ስም አወጣች። እንዲህ ሲሆን ራሴን አወጣሁ ይባልና ሁሉም ዕጣውን መልሶ እንደገና ያወጣል። እሷ ግን አልተናገረችም። እንደገና ከወጣ ዋውተር ይደርሰኛል ብላ ፈራች።

ዋውተር የእናቷ ወዳጅ ነው። አውቶቡስ ይነዳል፤ ከክረምቱ ዕረፍት ጀምሮ አብሯቸው ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለማይከ ነገሩ በቀለላት። የዋዜማው ስድስተኛ ሰው ሁልጊዜ አባቷ ነበር፤ አሁን ዝቮለ ከተማ ሌላ ቤት አለው። ስለ ዋውተር ግጥም መጻፍ አባቷን ከወንበሩ ማስነሳት መሰላት።

ስለዚህ ለራሷ ስጦታ ሠራች። ወንድ አያቷ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ ሴት አያቷ «የተገዛ ነገርና ስኳር የነካው ነገር ከደጄ አይገባም፤ በገዛ እጃችሁ ሥሩ» ብለው ደንግገዋል። ማይከም አጃ፣ ተምርና ለውዝ ፈጭታ፣ አድበልብላ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከተተች። ግጥሙም ስለ ብልህነቷና ስለ ቁንጅናዋ ብቻ የሚያወራ ነበር። አፏን ሞልታ ልታነበው ማሰቧ አሁን አሳፈራት።

የዕጣ ወረቀቶቹን የጻፈው የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ሂደ ነው። ክፍሉ ወለል ላይ ተጋድሞ ሲሥል አገኘችው።

«ዕጣዎቹ ስንት ነበሩ?»

«ስድስት። ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«የእኔን ስንት ጊዜ ጻፍከው?»

የሂደ ጆሮ ቀላ። «ለእማዬ ትነግሪያለሽ?»

«መጀመሪያ መልስልኝ።»

«ሁለቴ። አምስት ከሆነ አያቴ ያውቁብኛል ብዬ ነው።»

«ዋውተርስ?»

«እሱ ደግሞ የእኛ ቤተሰብ ነው እንዴ?»

ማይከ ልትቆጣው ነበር፤ ግን እሷስ ምኑን ተሻለች? ሂደ ስሙን ሳይጽፍ ቀረ፣ እሷ እንዳይደርሳት ብላ ዝም አለች።

«ሁሉም ስጦታውን ሲከፍት እሱ ባዶ እጁን ሊቀመጥ ነው» አለችው።

«ያኔ አላሰብኩትም። አሁን ምን እናድርግ?»

ለእናቷ ብትነግር ሂደ ይቀጣል፤ ዋውተርም ሆን ተብሎ እንደተዘለለ ያውቃል። ዝም ብትል ደግሞ የስጦታው ቅርጫት ባዶ እስኪሆን የእሱ ስም ሳይጠራ ይቀራል። ሰዓቱን የሠራላት ማን እንደሆነም ገና አላወቀችም።

ከእራት በኋላ ወጥ ቤት ስትገባ ዋውተር ፖም እየላጠ፣ እንደ ወረቀት አሳስቶ እየቆረጠ ምድጃ ትሪ ላይ ይደረድራል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ሰማያዊ ነበር። ማይከ ጣቱን አየችና በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ቀረፋ ትወጃለሽ?» አላት ቀና ሳይል።

«ለምን?»

«ዝም ብዬ ነው። የሚደርቀው ፖም ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው።»

«እና እሷ ቀረፋ ትወድ እንደሆን እኔን ትጠይቃለህ?»

«እኩያሽ ናት።»

«አሥራ አራት ዓመቷ ሆኖ አውቶቡስ ትነዳለች?»

«በጣም ጎበዝ ናት» አለ ዋውተር ኮስተር ብሎ። «ማርፈድ ታበዛለች እንጂ።»

ማይከ ሳቋን ለመደበቅ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ውስጡን ማየት ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችው «አምና ዋዜማውን የት ነበርክ?» አለችው።

«መንገድ ላይ። ልጅ ያላቸው ሾፌሮች ያን ምሽት መሥራት አይፈልጉም፤ ፈረቃቸውን እኔ እይዝላቸው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ። ዘንድሮ እረፍት ስጠይቅ አለቃዬ ሰው ሞተብህ ወይ አለኝ።»

እሱ ሳቀ። ማይከ ግን ማቀዝቀዣውን ዘግታ፣ ምንም ሳትወስድ ወደ ክፍሏ ወጣች።

የራሷን ግጥም ቀደደችና አዲስ ወረቀት አውጥታ ከላይ «ለዋውተር» ብላ ጻፈች። ሌላ የምትጽፈው ነገር ግን አልነበራትም። በሰው ለመቀለድ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ላለማወቅ ስትታገል ነው የከረመችው። ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አንድ መስመር ማጣት ግራ አጋባት።

ሂደ በሩን ገርበብ አድርጎ ጭንቅላቱን አስገባ። ወረቀቱን አየና ወዲያው ገባው።

«መንገድ ይጠፋዋል» አለ። «ወደ ዋና ሲወስደኝ ሦስቴ ጠፍቶብናል። አውቶቡስ ነጂ ሆኖ፤ ሼም ነው።»

«እውነትህን ነው?»

«አንዴ ገበያ መሀል ተገኘን። ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነበር። እሱን ጻፊበት።»

በማግስቱ ከጫማ ካርቶን አውቶቡስ ሠሩ። ሂደ ከፊቱ፣ መድረሻው በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ወዴት እንደሆነ እንጃ» ብሎ ጻፈ። የአጃውን ድቡልቡል በየወንበሩ ተሳፋሪ አድርገው አስቀመጡት። ሁለቱን ሂደ በላቸው።

በዋዜማው አያቶቻቸው ቤት ተሰበሰቡ። ወንድ አያቷ ቅርጫቱን አሸተቱና «ዘንድሮ የፈረስ ቀለብ ነው የደረሰን» አሉ፤ ከዚያ ማንም ሳይቀድማቸው የደረሳቸውን ከፍተው መብላት ጀመሩ። ማይከ ስለ እንቅልፏ የተጻፈውን ግጥም ቆማ አነበበች፣ ሁሉም ሙድ ያዘባት። ቅርጫቱ እየጎደለ ሲሄድ ዋውተር ፈገግ እንዳለ ነበር። ግን ከቅርጫቱ ዕቃ በወጣ ቁጥር ቀና ይልና መልሶ እጁን ያያል።

በመጨረሻ ካርቶኑ ወጣ።

«ዋውተር» ብለው አነበቡ ሴት አያቷ።

ዋውተር ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሾፌራችን ዋውተር መንገድ የለመደ፣
ዋና ሊያደርስ ወጥቶ ገበያ ወረደ።
ብትጠፋም ግድ የለም፣ መሽቶም ቢሆን ግን ና፣
እራትህ አይነሣም፣ ትደርሳለህና።»

በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሂደን በጎሪጥ አየው። የመጨረሻውን መስመር ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደገመው። ከዚያ ተቀመጠና አንዱን ድቡልቡል አንስቶ ሳይበላ ያዘው።

የማይከ እናት የገዛ እናቷን አየች፣ እሳቸው ባላቸውን አዩ፤ ሰውየው አፋቸው ሙሉ ስለነበር ትከሻቸውን ነቀነቁ። ከሁለቱ ልጆች በቀር ማን እንደሠራው ማንም አላወቀም። ማይከም ውስጧ የሚሆነውን አላወቀችም። አባቷ ናፍቋት ነበር፣ ደስ ብሏትም ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

ሴት አያቷ የተቀዳደደውን ወረቀት እየሰበሰቡ «ለከርሞም ዕጣውን ሂደ ይጻፍልን፣ ጽሑፉ ያምራል» አሉ።

ሂደ ማይከን አየ።

«እኔ እጽፋለሁ» አለች ማይከ። «እሱ ስሞቹን ይጥራልኝ።» ዝቅ ብላ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «እስቲ ከአሁኑ ጥራቸው።»

ሂደ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። እማዬ። ሴት አያቴ። ወንድ አያቴ። አንቺ። እኔ። የአንድ እጁ ጣት አለቀ።

ሂደ ሌላኛውን እጁን ከኪሱ አወጣ።