አምስት ወር የከረመው ጉማጅ

እኔና እሱ የተዋወቅነው በጥፊ ነው።

በመጋዝ ቤቱ ጓሮ ሰባት ጆንያ ደርድሬ ነበር። በየጆንያው እርጥብ ሰጋቱራና አንዳንድ የግንድ ጉማጅ አለ። እንጨት እንዲህ ታፍኖ ሲከርም ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ ውስጡን በቀጫጭን ጥቁር መስመር ያዥጎረጉረዋል። በቀለም የማይገኝ ጌጥ ነው። አዲሱ የቶርኖ ማሽን ሠራተኛ ግን ቆሻሻ መስሎት አንዱን ጆንያ ፈትቶ ፀሐይ ላይ ዘረገፈው። ደሜ ፈላ። ሄጄ በጥፊ አጮልኩት።

ጉንጩን ይዞ ትንሽ አየኝ።

«ሌላኛውንም ጉንጬን ልስጥሽ ወይስ በቃሽ?»

«እንጨቴን መልስ።»

«እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄ መስመር ምን እንደሆነ ንገሪኝ። እንዲህ ያለ እንጨት በዕድሜዬ አላየሁም።»

አለቀልኝ። ስለ ሻጋታዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ እኔ አሻግታለሁ፣ እሱ ይፈለፍላል። የሚሠራው አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የእንጨት ማሰሮ ነው። እንጨቱ ቶርኖው ላይ ሲሽከረከር ረጅሙን መሮ በጠባቡ አፍ አስገብቶ ሆዱን ባዶ ያደርገዋል። ውስጡ ስለማይታይ ግድግዳው መሳሳቱ የሚታወቀው በድምፅ ብቻ ነው። አጠገቡ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ሲሳሳ «በቃ» እላለሁ። አንዳንዴ ማዳመጡን ትቼ እጁን ሳይ ይይዘኛል። ያኔ ማሽኑን አጥፍቶ ያየኛል፤ ሁለታችንም ሥራ እንፈታለን።

ታላቅ ወንድሜ ግን ለጓደኛው ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ኖሯል። የእኛን ነገር የሰማ ዕለት በቀበቶ ገረፈኝ፣ ጆንያዎቼን አቃጠለ፣ ክፍል ውስጥ ቆለፈብኝ። «ዳግመኛ እዚያ ብትሄጂ የምገድለው እሱን ነው። አንቺማ እህቴ ነሽ» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ አዘነልኝ።

ሁለት ወር እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። በመጨረሻ እናቴ ቁልፉን ከወንድሜ ኪስ ሰርቃ ከፈተችልኝ። እየሮጥኩ መጋዝ ቤቱ ሄድኩ።

ከቃጠሎው የተረፈው ባለቶርኖው ማሽኑ ሥር የደበቀው አንድ ጉማጅ ብቻ ነበር። በሦስት ወሩ መውጣት ሲገባው አምስት ወር ከርሟል። እሱ አጠገቤ ቆሞ በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ይሄ «ድብ» አለ። ውስጡ በስብሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ይጣላል እንጂ ማሽን ላይ አይወጣም። ከጣልነው ግን ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ «በይ ሳይደርስብሽ ቶሎ ቤትሽ ግቢ» ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ ሳላየው ከርሜ እንዴት ብዬ ልሂድ? ዝም አልኩ።

ማሽኑን ሳንከፍት ወንድሜ ደረሰ። በብረት ዘንግ መስኮቱን አረገፈው፣ እሱን በቦክስ አፉን አለው፣ እኔን በፀጉሬ ያዘኝ። ጎረቤት ተረባርቦ ገፍቶ አስወጣው። «ገና እገድልሃለሁ» እያለ ሄደ፤ መንደሩ ሁሉ ሰማው።

እሱ ደሙን በእጅጌው ጠረገና ጉማጁን አነሳ።

«እንሥራ» አለኝ።

«እንዲህ ሆነህ?»

«ካልሠራሁ ተከትዬው እሄዳለሁ።»

መሮው የበሰበሰውን ቦታ ሲነክስ እንጨቱ ፈነዳ። ስባሪው ግራ ዓይኑን መታው። ድምፅ ሳያሰማ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ሰጋቱራ በደም ራሰ።

ጎረቤቶቹ እየሮጡ ገቡ። «ወንድምሽ ነው አይደል? በጓሮ ተመልሶ ነው?» አሉኝ። አልመለስኩም። ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። ወንድሜን መንገድ ላይ ደርሰውበት ቀጠቀጡት፤ የተረፈውን ፖሊስ ወሰደው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እሱ ከታሰረ ማን ይቆልፍብኛል? ሆስፒታል ራሱን ከሳተው ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁለት ቀን «ይበለው» ስል ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ መጣች።

«ልጄ፣ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ወንድምሽ ነው የመታው?»

ያቺ ቁልፍ ሰርቃ የከፈተችልኝ እናቴ ናት። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የሆነውን ተናገርኩ። ወንድሜ ፊቱ እንዳበጠ ወጣ፤ አልፎኝ ሄደ።

በማግስቱ እሱ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ነቃ። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እንጨቱ መበስበሱን ሰምቼ ነበር። ወደ ቤት እንዳትልከኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

የቀረችውን አንድ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

«እኔስ ደንቆሮ ነኝ?» አለ። «ስታንኳኪው አጠገብሽ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጣልከውም?»

«ከጣልኩት ትሄጃለሻ።»

አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ጅል አልኩት፣ ራሴንም ሰደብኩ። እጄን አልለቀቀም።

«ወንድምሽን ጥሪልኝ» አለኝ።

ወንድሜ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ መጣ። በር ላይ ቆመ። አንድ እጁ በፋሻ ታስሯል፣ ሌላው ቡጢ ነው። እናቴ ከኋላው ኮቱን ይዛዋለች።

«እህትህን ላገባ ነው» አለው እሱ ከአልጋው። «ልትመታኝ ከሆነ በቀኝ በኩል ና። በግራ አይታየኝም።»

ወንድሜ ቡጢውን ፈታ። ከዚያ ወንበር ጎትቶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ።