የባህሩ ትርፍ ቁልፍ

ባህሩ የሞተው በጥጥ መዳመጫው ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። መካኒክ ነበር፤ የተወተፈ ጥጥ ሊያወጣ እንደ ወትሮው ገባ፤ ማሽኑ ተነሣበት። ኢንስፔክተር ኑርሀያት ከሰመራ ተነሥታ፣ ገዋኔን አልፋ አዋሽ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። የቀሩት ሦስቱ የፈረቃው ሠራተኞች ግን ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። መብራት ስለ ጠፋ ማራገቢያው አይዞርም። አንዱ የተነፈሰውን አየር ሌላው ይስበዋል።

አስር አለቃ ሙዓዊያ በር ላይ ጠበቃት። «ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር። ማሽኑን ያስነሣው ረዲ ነው፤ ራሱም አልካደም። የሟች ትርፍ ቁልፍ አንገቱ ላይ ነው። ዛሬ ከሰዓት በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«ቁልፉን ሞከርከው?»

«የምን መሞከር? የማን እንደሆነ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል።»

ኑርሀያት በልቧ ቢስሚላሂ ብላ ገባችና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስለ ቁልፎቹ ታንጉትን ጠየቀቻት። ታንጉት ጥጥ መጋቢ ናት፤ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አራታችን ተኳርፈን ነበር የምንሠራው» አለች ታንጉት። «አምና አንድ አሰልጣኝ መጣና በቡድን መሥራት አስተማረን። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው ዋናውን ማብሪያ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ትርፉን ቁልፍ ደግሞ በጣም ለማትስማሙት ሰው ስጡ አለን። ነፍሳችሁን አደራ ስትሰጡት ትታረቃላችሁ ብሎ።»

«አንቺ ለማን ሰጠሽ?»

«ለአለቃችን ለቢሰጥ ነዋ!»

«ስለምትወደኝ ነው» አለ የፈረቃው ኃላፊ ቢሰጥ። ማንም አልሳቀለትም።

«እሱ ለባህሩ፣ ባህሩ ለረዲ፣ ረዲ ለእኔ ሰጡ» አለች ታንጉት።

«ታረቃችሁ ታዲያ?»

«ባህሩና ረዲ ታርቀዋል። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። እኛ እንጃ።»

«እጅሽስ?»

«ባለፈው ወር ማሽኑ በላኝ። መከለያው ወልቆ ነበር። ቢሰጥ ‹በራሷ ጥፋት ነው› ብሎ ጻፈ። ባህሩ አልፈርምም አለ። ሰኞ አደጋውን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት ቆሞ መከለያውን ማን እንዳስወለቀ ሊናገር ነበር።»

ረዲ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። «ወላሂ፣ ማብሪያው ላይ ጓጉንቸር አልነበረም» አለ። «ከሶላት ስመለስ የባህሩ ጓጉንቸር ተከፍቶ እንደ ሌላው ጊዜ መስቀያው ላይ ተሰቅሏል። ባህሩ መግባቱንም አላየሁ። ቢሰጥ ‹አስነሣ› አለኝ፤ አስነሣሁ። የገደለው የእኔ እጅ ነው።»

«ውዱእ ስታደርግ ቁልፉን አንገትህ ላይ ትተወዋለህ?»

«የለም፤ የውኃ በርሜሉ አጠገብ ሰቅዬ እታጠባለሁ። ከዚያ መልሼ አጠልቀዋለሁ። ትናንት ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙሁርም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ አላወለቅኩትም። እዚህ ውኃ ስላልሰጡን በአፈር ተየሙም ነው የማደርገው።»

«እርስዎስ፣ አቶ ቢሰጥ?»

ቢሰጥ ኮሌታውን ገልጦ ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ክር አሳየ። «የእኔማ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ስተኛም አላወልቀውም።»

«ማንም አልነካውም?»

«ማን ደፍሮ!»

ኑርሀያት ወጥታ የባህሩን ጓጉንቸር አገላብጣ አየችው። ጭረት እንኳ የለውም። የባህሩ የራሱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲያው የከፈተው ትርፉ ነው።

ሦስቱንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ስም የተጻፈባቸውን አራት ጓጉንቸሮች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። «አደራ የተሰጣችሁን ክፈቱ።»

ታንጉት የረዲን ከፈተች። ረዲ ቁልፉን የባህሩ ጓጉንቸር ውስጥ ከተተ። አልዞር አለ። እንደገና ሞከረ።

«ሌሎቹን ሞክር» አለችው ኑርሀያት።

የታንጉት ጓጉንቸር ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«ይሄማ የእኔ ነው!» ጮኸች ታንጉት። «እኔ ለቢሰጥ ነው የሰጠሁት!»

ቢሰጥ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሙዓዊያ ትከሻውን ያዘው። ክሩን ከቢሰጥ አንገት አውልቆ ቁልፉን ሞከረው። የባህሩ ጓጉንቸር ተከፈተ።

«ረዲ ሊያስወነጅለኝ ለውጦብኝ ነው!» አለ ቢሰጥ።

«ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም አሉኝ እኮ» አለች ኑርሀያት ቀስ ብላ። «ደግሞ የባህሩ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው መለወጥ ምን ያደርግለታል? መለወጥ ያስፈለገው ቁልፉ የሌለው ሰው ነው። ረዲ ፊቱን ሲታጠብ እርስዎ የባህሩን ወሰዱ። ክሩ ባዶ ሆኖ እንዳያገኘው የታንጉትን አንጠለጠሉለት፤ መልካቸው አንድ ነውና። ባህሩ ቆልፎ ሲገባ ጠብቀው ከፈቱ። ሊመልሱት ሲሉ ረዲ ክሩን አጥልቆ ሶላት ቆሟል። ሲጨርስ ‹አስነሣ› አሉት። ከዚያ ሁላችሁም አንድ ክፍል ተዘጋባችሁ፤ መመለሻም መጣያም ጠፋ። የሚሞክረው አይኖርም ብለው ተጽናኑ።»

ሙዓዊያ መሬት መሬት አየ።

«ባህሩ ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ሊያሳጣኝ ነበር» አለ ቢሰጥ። ይዘውት ሄዱ።

«አንተ ነፃ ነህ፣ ወንድሜ» አለችው ኑርሀያት ረዲን። «በሩ ክፍት ነው።»

ረዲ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ ንቅንቅ አላለም።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ተነሥ» አለችው ታንጉት።

«እናቱን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«ብቻህን አይደለህም። አብረን ነው የምንገባው። መጀመሪያ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ አንተ ታለቅሳለህ።»

ረዲ ከመሬት ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። ታንጉት ከፊቱ ቀደመች።