ዜሮው ከየት ይጀምራል?

መሐንዲሱን ፍቅር የያዘው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነው ሲባል የሚያምን የለም፤ እዚያ ሰውን የሚይዘው እንቅልፍ ነው።

ኮሚቴው የተሰበሰበው የመለኪያ ስሞችን ለማስማማት ነበር። የእሱ ቤተ ሙከራና ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት የምትሠራበት ክሊኒክ የሰው አረማመድ ይቀዳሉ። ትንንሽ አብረቅራቂ ኳሶች ገላ ላይ ይለጠፋሉ፤ ካሜራው ኳሶቹን ብቻ ያያል፤ ኮምፒውተሩ የየመገጣጠሚያውን ማዕዘን ያሰላል። ሁለቱም ጋ «የጉልበት ማዕዘን» ተብሎ ተጽፏል፤ ዜሮው ግን ለየቅል ነው። የእሱ ፕሮግራም ሰውየውን መጀመሪያ ያቆመውና፣ እንዴትም ይቁም፣ አቋቋሙን ዜሮ ይለዋል። የእሷ ዜሮ እግሩ ቀጥ ያለበት ነው፤ ለማንም አንድ።

«ሰው በራሱ ዜሮ ቢለካ ምን አለበት?» አለ።

«ጎባጣውን ሁሉ ቀጥ ያለ ነው ልትለኝ ነው?» አለችው። የአካል ሕክምና ባለሙያ ናት፤ በሽተኞቿ ያወጡላት ስም «ቀጥ በል» ነው።

መብራቱን አጥፍታ አንድ ቅጂ ከፈተችለት። ጨለማው ውስጥ ጥቂት ነጠብጣቦች መራመድ ጀመሩ። የተቀዳችው ሴት ፊት የላት፣ ልብስ የላት፤ ግን ነፍሰ ጡር መሆኗ፣ መድከሟ፣ ደስ ማለቷ ሳይቀር ያስታውቅ ነበር። መሐንዲሱ ዓመታት ሙሉ በቁጥር ሲያገላብጠው የኖረው ነገር ሰው መሆኑን ያን ዕለት አየ። ዞር ሲል ባለሙያዋም ትንፋሿን ውጣ ታያለች፤ ስንት ጊዜ ያየችውን! በዚያው አለቀለት።

ወራት ሄዱ። ኮሚቴው ገና «ጉልበት» የሚለውን ቃል እየተረጎመ ሳለ ሁለቱ መጋባት ፈለጉ። የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነበር። አባቷ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልክ ፍሪሲዮን የረገጠ ግራ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሏል፤ ሕክምና ሲባሉ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ።

«ማሽኑ ይፍረድ!» አሉ አንድ ቀን፣ ቤተ ሙከራው ድረስ መጥተው።

መሐንዲሱ በለመደው ፕሮግራም ለካቸው። ጎበጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ተራመዱ። ዜሮ! ጤነኛ!

«አየሽ! መሰከረ!» ብለው መሐንዲሱን አቀፉት። «ባል ማለት እንዲህ ነው። የኔ ልጅ፣ ቤቴ ቤትህ ነው።»

ቤታቸው ሲገቡ ከዘራቸውን ቁም ሣጥን ላይ ወረወሩት። ልጃቸው ግን የመሐንዲሱን ስልክ ማንሣት ተወች። የመጨረሻ ቃሏ፣ «አባዬ ሲወድቅ ዜሮህ ያነሣዋል?» የሚል ነበር።

እውነቱን ቢናገር አባትየው ያባርሩታል። ዝም ቢል እሷን ያጣል። ሲብሰለሰል ሰንብቶ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ቤታቸው ሄደ። እሷ በሩን ከፈተችለትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ጉልበትዎ አልዳነም። ሲቆሙ የታጠፈውን ዜሮ ብዬ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው የቆጠርኩት።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ይሄን ስትለኝ ልጄን እንደምከለክልህ ጠፍቶህ ነው?»

«ዝም ብልም አጣታለሁ። ከማጣቴ ካልቀረ፣ ሳልዋሽ ልጣት ብዬ ነው።»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ የተቀዳውን የሽማግሌውን አረማመድ በእሷ ዜሮ ለክቶ አሳያቸው። ነጠብጣቦቹ ግራ እግራቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ጨለማውን አቋረጡ። ሽማግሌው ወደ ፊት ተጠጉ።

«ይሄ እኮ አባቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሊሞት ሰሞን እንዲህ ነበር የሚሄደው። ፎቶ እንኳ የለንም... እዚህ ምን ያደርጋል?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለ መሐንዲሱ። ሦስቱም የሞተ ሰው ሲራመድ ያዩ ይመስል ደርቀው ቀሩ።

«አባቴ ደጃፍ ላይ ወድቆ ነው የቀረው» አሉ ሽማግሌው። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ቀጥ በል ምናምን የምትይውን ከነገ ጀምሪ። አንተም ውሸት አይሆንልህም፤ ለልጄ የሚሆናት እንዳንተ ያለ ነው።»

ልጅቷ ስልኩን ማንሣት ከተወች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። ዓይኗንም ቶሎ አልነቀለችም።

ከሠርጋቸው በኋላ ሽማግሌውን እንደገና ቀዱ። ባልና ሚስቱም እጃቸው ላይ ኳስ ለጥፈው ግራና ቀኝ ደገፏቸው፤ እግራቸው ሊዘረጋ ትንሽ ቀርቶታል። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ ጮኸ። ከአባትየው ጀርባ ሁለት ነጠብጣቦች አንድ ሆነውበት፣ ስም ስጡኝ ይላል፦ «የማን እጅ ነው?»

«ምን ሆነ ደግሞ?» አሉ ሽማግሌው።

«የማን እጅ እንደሆነ እየጠየቀ ነው፣ አባዬ።»

«ተዉት፣ ይጠይቅ» አሉ፤ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ መንገዳቸውን እየቀጠሉ።