የተቆረጡት አግዳሚዎች

ታላቁ የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት በቀሩት ጊዜ፣ ጦሩ ያልደረሰበትን አገር ሁሉ ያዳረሰው የሳንባ ወረርሽኝ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደዚያች ከተማ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የከተማዪቱ ሹም አዋጅ አስነገሩ። ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ፤ ለሰርግም ሆነ ለልቅሶ ድንኳን እንዳይጣል፤ የሹሙ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያልያዘ ድልድዩን እንዳይሻገር ተባለ። ሹሙ የያዙትን ነገር ጥግ ሳያደርሱ የሚለቁ ሰው አልነበሩምና፣ ሰው ጎን ለጎን እንዳይቀመጥ በፍርድ ቤቱና በማዘጋጃ ቤቱ ያሉት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ እየተቆረጡ የአንድ ሰው መቀመጫ እንዲሆኑ አዘዙ።

ሥራው ለከተማዪቱ አናጢ ተሰጠ። አግዳሚዎቹን ቀድሞ የሠራቸው እሱው ነበር፤ ቢሆንም ሳያጉረመርም ቆረጣቸው። ሹሙን ያምናቸዋል፤ የአንድ እናት ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸውና። የሹሙ ወላጅ እናት በወሊድ ስትሞት ሕፃኑን ተቀብላ ከገዛ ልጇ ጋር ያጠባችው የአናጢው እናት ነበረች፤ አንዱ ለሹመት፣ አንዱ ለመጋዝ ከበቁም በኋላ ሁለቱም የሚጠሯት «እምዬ» እያሉ ነው።

እምዬ የምትኖረው ከድልድዩ ማዶ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት የድልድዩ ዘበኛ፣ በሽታው እንደጣላትና ሁለቱን ልጆቿን እየጠራች እንደሆነ ከማዶ ሰምቶ ለአናጢው ነገረው። አናጢው የእንጨቱን ብናኝ ከልብሱ ሳያራግፍ ወደ ሹሙ ቢሮ በረረ።

«ጌታዬ፣ እምዬ ልትሞት ነው። ወረቀቱን ይስጡኝና ልሂድ፤ ካልሆነም አብረን እንሂድ።»

ሹሙ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«እኔስ ልጇ አይደለሁም? ዛሬ ለእኛ እናት ድልድዩን ብከፍት፣ ነገ እናቱ የታመመችበትን ሰው ሁሉ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አንጀታችንን አስረን እንቻለው፣ ወንድሜ። እኔም አልሄድም፣ አንተም አትሂድ።»

አናጢው ከዚያ ቢሮ እያለቀሰ ወጣ፤ እያለቀሰም ኮራ። «ሹም ማለት እንዲህ ነው» አላት ለሚስቱ። እሷ ግን «እናትህ ናት እኮ» አለችው።

እምዬ ቅዳሜ ዕለት ሞተች፤ አራት መቃብር ቆፋሪዎች ቀበሯት። አናጢው ከወንዙ ወዲህ ቆሞ የአፈሩን ክምር ከሩቅ አየ፤ ጮሆ ቢያለቅስ ሰው ይሰበሰባል ብሎ በኮቱ እጅጌ አፉን ያዘ።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ሹሙ ቤት ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ ራሱ የቆረጣቸውን መቀመጫዎች ተኮልኩለው አገኛቸው፤ የቤቱ አዛዥም መልሶ እንዲገጥማቸውና ለማንም እንዳያወራ ነገረው። አናጢው ለሕመምተኞች አልጋ ሊሆኑ ነው ብሎ አሰበ፤ ሹሙ ቤታቸውን ለበሽተኛ መልቀቃቸው ነው ብሎም ልቡ ተነካ። ስለዚህ የተኛውን ሰው ጀርባ እንዳይወጋ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመላጊያ አለሰለሰ፤ የምስማሩንም ራስ ወደ ውስጥ ቀበረ።

የመጨረሻውን አግዳሚ ሲይዝ ሐር የለበሱ አንዲት ወይዘሮ ገቡ።

«አናጢው አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ! ባለፈው ሐሙስ ለልጄ ሙሽራዋን ልንጠይቅ ከማዶ ስንመጣ መቀመጫ ጠፍቶ ግማሾቻችን ቆመን ነው የዋልነው። ነገ ደግሞ ሰርጉ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሊበላ ነው?»

«ሐሙስ? እመቤቴ፣ ድልድዩንስ እንዴት ተሻገሩት?»

«እንዴት ማለት? ሹሙ ወረቀቱን ለሁላችንም ልከውልን ነዋ! ልጃቸውን የሚድሩ እሳቸው አይደሉ እንዴ?»

አናጢው መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። በዚህ መካከል ሹሙ ገቡ።

«ሐሙስ ጠዋት ፊትህን ስትሸፍን የምታለቅስ መስሎኝ ነበር» አላቸው፤ «እርስዎ» ማለት ከአንደበቱ ወጥቶ ሄዷል።

«ቀስ በል፣ እንግዳ አለ። የልጅቷ ነገር አስቀድሞ የተቀጠረ ነው፤ የሹመት ጣጣ አንተ አይገባህም።»

«እምዬ የጠራችው ሁለታችንን ነበር። እኔ የቀረሁት አንተ የቀረህ መስሎኝ ነው። እንግዶችህ በተሻገሩበት ድልድይ ብሄድ ኖሮ በሕይወቷ እደርስባት ነበር!»

ሹሙ ወይዘሮዋን አዩ፤ ከዚያም ያላለቀውን አግዳሚ እያሳዩ «ይኼን ብቻ ጨርስልን» አሉት። አናጢው መጋዙን አንሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን ቤት አልረገጠም፤ ሰርጉ ግን በማግስቱ ተደገሰ።

ወረርሽኙ አለፈ፤ ጦርነቱም አበቃ፤ ሹሙ ተሸለሙ። በሽልማታቸው ዕለት ባደረጉት ንግግር ስለ አንዲት እናት ተናግረው ሕዝቡን አስለቀሱ። እሳቸው ሲሞቱ ድልድዩ አፍ ላይ ድንጋይ ቆመላቸው፤ «የጡት እናቱን ለመቅበር እንኳ አዋጁን ያልጣሰ ልጅ» ተብሎ ተቀረጸበት። የከተማዪቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህንኑ ቃል በቃል ገለበጡት፤ ስለዚያ ሰርግ ግን የጻፈ የለም።

አናጢው እስኪያረጅ ድረስ ወደ እናቱ መቃብር የሚሄደው በዚያ ድንጋይ አጠገብ እያለፈ ነበር። በድንጋዩ ላይ እምዬ ያላት ልጅ አንድ ነው፤ እሱም የወለደችው አይደለም።