ማን ያውቃል?

«አርዬ፣ እጅሽ ይባረክ! እድፉ ድራሹ ጠፋ!»

ሐሴት መልእክቱን በአርያም ትከሻ ላይ አሻግራ አነበበችው። ከሥሩ ቀያይ ልቦች ተደርድረዋል። ትናንት አንዲት ሴትዮ በሰፈሩ ግሩፕ የልጇ ሸሚዝ ላይ የፈሰሰ የእስክሪብቶ ቀለም በምን እንደሚለቅ ጠይቃ ነበር። ሐሴት ወዲያው «በረኪና» ብላ መለሰች። አርያም ግን ቆየት ብላ፣ «በረኪና ቢጫ ያደርገዋል፤ ሳኒታይዘር ይሻላል ይመስለኛል» አለች። ሴትዮዋ የሞከረችው የአርያምን ነው።

«ሳኒታይዘርን ከየት አመጣሽው?» አለች ሐሴት፣ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

«እማዬ እንደዛ ስታደርግ አይቼ ነው። ማለቴ፣ እርግጠኛ እንኳን አልነበርኩም።»

«እርግጠኛ ካልሆንሽ ለምን ትጽፊያለሽ?»

አርያም ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር።

«ማን ያውቃል?» የተባለውን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተችው ሐሴት ናት። ባለፈው ክረምት ለጎረቤቶቿ ብላ የጀመረችው ነገር ቀስ በቀስ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰበሰበ። እሁድ የሚሠራ ጫማ ሰፊ የት አለ? ውሃ ዛሬ ይመጣል? የድመት ቁንጫ በምን ይጠፋል? ሐሴት ቂርቆስ ተወልዳ ቂርቆስ ያደገች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቀጫጭን መተላለፊያ ሁሉ የምታውቅ ልጅ ናት፤ ጠያቂው ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ መልሱን ትልክለታለች። «ጎግሏ» ይሏታል። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ እንኳ «ጎግሏ መጣች፣ አሳልፏት» ይባልላታል። ታዲያ ግሩፑ ውስጥ ስትመልስ እንጂ ስትጠይቅ ያያት የለም።

አርያምን ያስገባቻትም እሷው ናት። እነ አርያም ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ቂርቆስ ተከራይተው ገቡ። ክፍል ውስጥ የሚያውቃት ሰው አልነበረም፤ ሐሴት አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ይሄ ግሩፕ ውስጥ ግቢ፤ ሰፈሩን ትለምጃለሽ» አለቻት። ለመደችው። ሰፈሩም ለመዳት። አሁን ሰዎች ጥያቄያቸውን ከመጻፋቸው በፊት «አርዬ አለሽ?» ይላሉ።

ያችን «አርዬ አለሽ?» ባየች ቁጥር ሐሴትን አንድ ነገር ይቆነጥጣታል። አርያምን አትጠላትም። እንዲያውም ከሷ ሌላ ምስጢር የምትነግረው ጓደኛ የላትም። ግን አርያም በተመሰገነች ቁጥር ከራሷ ላይ ተቆርሶ የተሰጠባት ይመስላታል። ከሁሉም የሚያበሽቃት ደግሞ ያ «ይመስለኛል» ነው። ሐሴት ስትመልስ «ነው» ብላ ነው።

አርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥተው እየሄዱ ሳለ የሁለቱም ስልክ እኩል ጮኸ። የጻፉት ባለ ሱቋ እትዬ ዙለይካ ነበሩ።

«ማን ያውቃል? ነገ ጠዋት ፈትያ የሥዕል ውድድር አለባት። ሦስት ሰዓት ቂርቆስ አዳራሽ ይላል። የትኛው አዳራሽ ነው ልጆች? ካረፈደች አያስገቧትም አሉ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

ፈትያ የእትዬ ዙለይካ ትንሿ ልጅ ናት። ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብላ የብስኩት ካርቶን ላይ ደንበኞችን ስትስል ትውላለች። የሐሴትን ጆሮ ከፊቷ አስበልጣ የሣለችበት ካርቶን እስከ ዛሬ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ተሰቅሏል።

ፎቶው ሐሴት ስልክ ላይ አልተከፈተም። ፓኬጇ ሊያልቅባት ስለነበር ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ዘግታዋለች፤ የሚታየው ብዥ ያለ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ልትነካው ስትል የአርያም መልስ ከሥሩ ብቅ አለ።

«ካዛንቺስ ያለው የክፍለ ከተማው አዳራሽ ይመስለኛል።»

የሐሴት ልብ በደስታ ዘለለ። ስለ ቂርቆስ! ስለ ገዛ ሰፈሯ! ጣቶቿ ፈጠኑ።

«ካዛንቺስ!!! ቂርቆስ እኮ ቂርቆስ ነው! እትዬ ዙለይካ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለው የቀበሌ አዳራሽ ነው። ከሱቅዎ በእግር ይደርሳሉ።»

ሞባይል ጠጋኙ ኤርሚ ተከተለ፦ «ካዛንቺሶች ሲለቁ ቂርቆስን ጭነው ሄዱ እንዴ?»

«አርዬ፣ በዚህ እንኳን ጎግሏን አትችያትም!» አለ ሌላው። የሳቅ ፊቶች ጎረፉ። ልቦቹ በሙሉ ከሐሴት መልስ ሥር ተደረደሩ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ» ብለው ጻፉ እትዬ ዙለይካ። «ቅርብ ነው ለካ። አልሐምዱሊላህ፣ ከታክሲ ግፊያ ተገላገልኩ።»

ሐሴት ቀና ስትል አርያም ስልኳን ኪሷ ውስጥ እየከተተች ነበር። መልሷ ከግሩፑ ላይ ጠፍቷል።

«አጠፋሽው እንዴ?»

«በቃ፣ ሙድ እየያዙብኝ እኮ ነው።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ግን ፎቶውን አይተሽዋል አይደል?»

«አዎ» አለች ሐሴት። ቃሉ ሳታስበው ወጣ።

«እንግዲያው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች አርያም። መታጠፊያቸው ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ እንደምትለው «ቻው ጎግሏ» አላለችም። እጇን ብቻ አውለብልባ ገባች።

እናቷ ከሥራ ስትገባ ሐሴት ስልኳን ከእናቷ ኢንተርኔት ጋር አገናኘች። ልቦቹን ደግማ ለማየት ነበር። በመሃል ግራጫው ነገር ሲጠራ አየችው፤ ፎቶው ወረደ። ከታች፣ ከክቡ ማኅተም አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል «ቂ/ክ/ከ አዳራሽ» ይላል።

ቂ/ክ/ከ። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ።

ሐሴት ደጋግማ አነበበችው። ለሷ ቂርቆስ ማለት ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ በዙሪያው ያሉት የቆርቆሮ አጥሮች ናቸው፣ የእትዬ ዙለይካ ሱቅ ነው። ካዛንቺስ ላደገች ልጅ ግን ቂርቆስ መታወቂያ ላይና ማኅተም ላይ የሚጻፍ ስም ነው፤ ካዛንቺስም ኡራኤልም የሚገቡበት ትልቁ ቂርቆስ። አርያም ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። «ይመስለኛል» ያለችው ስለማታውቅ አልነበረም። አነጋገሯ ነው።

ጠዋት ፈትያ ቀለሟን ታቅፋ ቀበሌው በር ላይ ትቆማለች። በሩም አይከፈትላትም።

ሐሴት የእትዬ ዙለይካን ስም ነካችና ለብቻቸው መጻፍ ጀመረች። «እትዬ ዙለይካ፣ የውድድሩ ቦታ ተቀይሯል። ካዛንቺስ ያለው የክፍለ ከተማው አዳራሽ ሆኗል። አሁን አጣርቼ ነው።»

ጥሩ ነው። ፈትያ ትደርሳለች። እትዬ ዙለይካም «አጣርታ ነገረችኝ» ብለው ለሰፈሩ ያወራሉ። ማንም አይጎዳም። አርያም እንደሆነች የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላለች።

ከመላኳ በፊት ወደ ግሩፑ ተመለሰች። የእትዬ ዙለይካ ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ የሷ መልስ። በመካከላቸው ምንም የለም። የኤርሚ ቀልድ የቀለደበትን ነገር አጥቶ ብቻውን ተንጠልጥሏል። አርያም አፏን ከፍታ የማታውቅ ነው የሚመስለው።

ሐሴት ለእትዬ ዙለይካ የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው። ከዚያ ግሩፑ ላይ ጻፈች።

«እትዬ ዙለይካ፣ ተሳስቻለሁ። ወረቀቱን ሳላይ ነው የመለስኩት። ቦታው ካዛንቺስ ነው። አርያም ቅድም ነግራን ነበር።»

እንዳትጸጸት ቶሎ ላከችው።

«ጎግሏ ኔትወርክ ጠፋባት!» አለ ኤርሚ። ሳቁ እንደገና ጎረፈ፤ አሁን በሷ ነበር። ጆሮዋ ጋለ።

«ኧረ በአላህ፣ ሜዳ ላይ ልትቀርብኝ ነበር!» አሉ እትዬ ዙለይካ። «ካዛንቺስ ደግሞ ከፈረሰ ወዲህ መንገዱ ይጠፋብኛል። አርዬ አለሽ?»

ያው ቁንጥጫ መጣ። ሐሴት እዚህ ጋ ይለቀኛል ብላ ነበር፤ አልለቀቃትም። ከአርያም ስም አጠገብ «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ብቅ አለ።

«አለሁ እትዬ። እኔ አደርሳችኋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ቂርቆስ እንገናኝ። ሐሴትም ከፈለገች።»

ከፈለገች። ልቦቹ ከአርያም መልስ ሥር መደርደር ጀመሩ። ሐሴት «ቦታውን አውቀዋለሁ፣ በራሴ እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። አየችው። አጠፋችው። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ መልሳ አንስታ፣ ግሩፑን ከከፈተች ጀምሮ ተጠቅማበት የማታውቀውን ምልክት መጨረሻው ላይ አድርጋ ላከች።

«የትኛው ቂርቆስ?»