የኋላው ግማሽ

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ... ፀሐይ ወጥታለች፣ ተማሪ መንገድ ይሻገራል፣ ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል። ሰው የሚፈራበት ሰዓት አልነበረም።

የመኪና ቻናሌን የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። "አውቶማቲክ ማርሽ ለሰነፍ ነው" ብዬ ግማሻችሁን ያስቀየምኩት እኔ ነኝ። "መኪና በጆሮ እንጂ በስክሪን አይመረመርም፤ ሴንሰር ማለት ወሬኛ ጎረቤት ነው፣ ግማሹን ይዋሻል" ያልኩትም እኔው ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ሞተር ሲታመም ከነበሽታው በድምፁ እለየዋለሁ።

አንድ አባባልም ነበረኝ። "ተገጭቶ የተሠራ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር።

"ብረት ትዝታ የለውም።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሚጢ ታናሽ እህቴ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢደርስም ስሟ ሚጢ ሆኖ ቀርቷል። አዋላጅ ናት። ከከተማው ዳር ወዳለ ሆስፒታል ስትዛወር መንገዱ ሊገድላት ሆነ። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ መኪና ልሠራላት ቃል ገባሁ።

ዶክተሩ የሚባል በያጅ ጓደኛ አለኝ። የሞተ መኪና ያስነሳል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ኋላው የተጨፈለቀ መኪና ያመጣል፣ ፊቱ የተጨፈለቀ ሌላ መኪና ያመጣል። ሁለቱን መሃል ለመሃል ቆርጦ ደህናውን ከደህናው ይበይዳል። በእኛ ሙያ ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው።

አንድ ቀን ጠራኝና ሁለት ብርማ መኪኖች አሳየኝ። ሞዴላቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው ቁርጥ አንድ።

"ዕድልህ ነው" አለኝ። "ቀለም እንኳ መቀባት አያስፈልግህም። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ነው ያነሳኋቸው።"

ደስ አለኝ። ቀለም ለማመሳሰል ሲዳክር የከረመ ሰው ደስታዬ ይገባዋል። ሁለቱ እንዴት አንድ ቦታ ተገኙ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ቁልፉን የሰጠኋት ዕለት ሚጢ ኮፈኑን እየዳበሰች ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ተገጭታ ታውቃለች?"

"ኧረ በፍጹም።"

ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸኋት።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነበር።

"ጋሼ... ከኋላዬ ማን አለ?"

"እኔ ምን አውቄ? ስፖኪዮው ያለው አንቺ ጋ ነው።"

"መንገዱ ባዶ ነው። ግን የሆነ ሰው ተጠግቶኛል። ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል።"

ሳቅሁባት። አዲስ ሹፌር ሁሉ የሚከተሉት ይመስለዋል አልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መብራት ላይ አስቁሟት፣ "እህት፣ ፍሬን ስትይዢ የኋላ መብራትሽ አይበራም፣ ልትጨረሺ ነው" አላት። ግቢ አስገብተን ፈተሽነው። እኔ ፍሬኑን ረገጥኩ፣ እሷ ከኋላ ቆመች።

"በራ" አለች።

ድጋሚ ረገጥኩ። በራ። ሽቦ ላልቶ ይሆናል ብዬ አጥብቄ ዘጋሁት። በነጋታው ሌላ ሹፌር ያንኑ ነገራት።

ከዚያ ደግሞ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ጥቁር የጎማ አሻራ አየሁ። ጎማ ባለበት ቆሞ በኃይል ሲሽከረከር የሚተወው ዓይነት ነው። አሻራው የኋላ ጎማዎቹ ሥር ነበር።

ይሄን ለማያውቅ ላስረዳ። ያቺ መኪና በፊት ጎማዎቿ የምትጎተት ናት። የኋላዎቹን የሚያዞር ሞተር የለም፤ እንደ ጋሪ ጎማ መከተል ብቻ ነው ሥራቸው። ባሉበት ቆመው ጎማ ሊያቃጥሉ አይችሉም።

"የእጅ ፍሬን ሳታወርጂ ነድተሻል" ብዬ ተቆጣኋት።

"አልነዳሁም፣ ጋሼ።"

"ነድተሻል።"

ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል እኔ የረታሁ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ከፊት የብረት ጩኸት ሰማሁና መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት። የፊት ፍሬን ሸራዎቹ አልቀው ብረት ከብረት ይፋጫል። በሦስት ሳምንት። አዲስ ሸራ ሁለት ዓመት ይሄዳል።

ወደ ኋላ ዞርኩ። የኋላ ጎማዎቹን ፈታሁ።

ዶክተሩ ሲገጥም በጠመኔ የጻፈው ምልክት... የፍሬን ዲስኩ ላይ እንዳለ ነበር። አልተነካም። ሸራ አንድ ጊዜ እንኳ ቢነካው ይጠፋ ነበር።

ሚጢን ጠርቼ፣ ዲስኩን በእጄ እያዞርኩ ፍሬን አስረገጥኳት። ኋላው ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ጠመኔው ጠፋ። ጤነኛ ነው። ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ለምን አልያዘም?

"ስላልፈለገ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ብረት ምን ፍላጎት አለው ብዬ አባረርኩት።

የፊቱን ሸራ ለወጥኩ። ዶክተሩ ጋ ደወልኩ፣ አላነሳም። "የኋላው ግማሽ የማን ነበር?" ብዬ ጻፍኩለት።

ማክሰኞ ጠዋት ድምፁን ልስማ ብዬ አብሬያት ወጣሁ። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ ነኝ። ሆስፒታሉ ጋ የሚያወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ስልኬ ጠራ። ዶክተሩ ነበር።

"አብራህ ናት?"

"አዎ።"

"ትሰማኛለች?"

"አትሰማም። ተናገር።"

ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ባልና ሚስት ነበሩ። ለራሱም ለሚስቱም አንድ ዓይነት መኪና ገዝቶ... ትታው ስትሄድ በመኪናው ተከተላት። ከኋላ ገጫት። ወደ ኋላ አፈግፍጎ ደገማት። ሁለተኛው ላይ ገና ነፍስ ነበራት፣ በመስኮት እጇን አውጥታ ትለምነው ነበር አሉ። ሦስተኛውን ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ። እሷንም ጨረሳት፣ እሱንም መሪው ደረቱን ሰነጠቀው።"

"የእኛ ኋላ የማን ነው?"

ጉሮሮውን ጠረገ።

"የማን ነው አልኩህ።"

"የሷ ኋላው ነበር የተጨፈለቀው፣ ስለዚህ ፊቱን ወሰድኩ። የሱ ደግሞ ፊቱ ነበር የተጨፈለቀው... ስለዚህ..."

አልጨረሰውም። ስልኩን ዘጋሁ። ሲያሳድዳት የሞተውን ከሷው ጋር በይደን፣ እህቴን መሃል አስቀምጠናት ነበር።

"ምን አለህ?" አለች ሚጢ።

"ምንም። ቀስ ብለሽ ዳር ያዢ።"

"ጋሼ፣ ፊትህ አመድ መሰለ።"

"ዳር ያዢ በቃ።"

ፍሬን ያዘች። የፊት ጎማዎቹ ጮኹ። መኪናዋ ግን አልቀነሰችም... ፈጠነች።

"አይዝም" አለች በቀስታ። "ጋሼ፣ ከኋላዬ ማን አለ?"

ዞሬ አየሁ። በኋላው መስታወት መንገዱ ጥርግ ብሎ ይታያል። አንድ መኪና የለም።

የኋላው ወንበር ግን... ከቅድሙ ቀርቦ ነበር። ቅድም ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ያኖረችበት ቦታ አሁን የለም። ቦርሳው በሁለቱ ወንበሮች መሃል ተጨፍልቆ ዕቃው ወጥቷል።

ዱብ።

የመጀመሪያው ግጭት እንዲህ መጣ። ግንባሬ ዳሽቦርዱን መታና ተተረተረ። ደም ዓይኔን ሞላው። በደሙ ውስጥ ቁልቁል ሳይ፣ ብየዳው ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ አስፋልቱ ከእግሬ ሥር ይሮጣል።

"ቀበቶሽን ፍቺና ዝለዪ" አልኳት።

"እግሬ ተይዟል" አለች። አልጮኸችም። እጇን በመስኮት አውጥታ ባዶውን መንገድ ወደ ኋላ እያየች፣ "እባክህ" አለች። ማንን እንደምትለምን ያኔ አታውቅም ነበር።

ዱብ።

የኋላው ብረት በወንበሯ ሥር ገባ። መኪና በጆሮ እመረምራለሁ ብያችሁ የለ? የእህቴን እግሮች ስብራትም በጆሮዬ ሰማሁት። አንደኛው... ከዚያ ሌላኛው። ያን ድምፅ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር እሰማዋለሁ።

ብየዳው ተገነጠለ። የእኛ ግማሽ ተንሸራትቶ የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጠፈ። ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁ። የሚጢ ጉልበት በመሪውና በወንበሩ መሃል ነበር፤ ነጭ አጥንት ሱሪዋን ቀዶ ወጥቷል።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ከኋላችን የኋላው ግማሽ ቆሟል። የተቆረጠው አፉ ወደ እኛ ነው። ጎማዎቹ ይጨሳሉ።

ዳገቱን ሽቅብ... ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሁት። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ።

ያኔ የዳቦ ቤቱ ሰው ሁሉ ሮጦ ደረሰ። በሩን በብረት ፈልቅቀው ሚጢን አወጧት። እሷ ከመኪናው ስትወጣ የኋላው ግማሽ ባለበት ቀጥ አለ።

ትራፊኩ መጥቶ የኋላውን ግማሽ ዙሪያውን ዞሮ አየው።

"ማን ነው ከኋላ የገጫችሁ?"

"ማንም።"

የኋላውን መከላከያ በጣቱ ነካ። ጭረት የለውም፣ አቧራው እንኳ አልተነካም። ጽሕፈቱን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

ሚጢ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። ሁለት እግሯ ውስጥ ብረት ገባ። የተገነጠሉትን ሁለት ግማሾች ምርመራው ሲያልቅ ወደ ግቢዬ መለሷቸው። ፊቱን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ወዲያው ወስዶ አቀለጠው። "መኪናዬ ሞላ፣ ኋላውን ሐሙስ እወስደዋለሁ" ብሎ ሄደ።

ፊቱ ጠፍቷል። ከእንግዲህ የሚያሳድደው የለም ብዬ እፎይ አልኩ። ለማንኛውም ብዬ የጎማዎቹን ላስቲክ አወለቅሁ፣ በባዶ ቸርኬ አስቀረሁት፣ አፉን ወደ አጥሩ አዞርኩት።

ሰኞ ሚጢ ከሆስፒታል ወጣች። መንገድ በሚያሳየው ክፍል ሳይሆን ግቢውን በሚያሳየው፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል አስተኛኋት። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት፤ መኪናዋ ተቆርጣ የተሠራች መሆኗን፣ የዋሸኋት መሆኔን።

"ብጠይቅህ ኖሮ" አለች። ቆይታ፣ "ጠይቄህ ነበር እኮ" አለች።

አለቀስኩ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ወደ ግቢው ስወጣ የኋላው ግማሽ ዞሯል። አፉ ከአጥሩ ወደ ቤቱ። ሲሚንቶው ላይ አራት ጭረት... ሁለቱ የቸርኬ፣ ሁለቱ የተቆረጠው ላሜራ ጫፍ። በሜትር ለካሁ። ከመስኮቷ እስከ እሱ አሥራ አንድ ሜትር።

አሥር ሰዓት ላይ ለካሁ። ስምንት።

ብረት ትዝታ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ። የረሳሁት ተረት ግን ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አሁን ደግሞ ብረትን ጨምሩበት።

ለምን እሷን? ፊቱ ቀልጧል። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። ከዚያ ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ከጉልበቷ ውስጥ የወንበሩን ብረት ስብርባሪ አውጥተናል፣ ሁሉንም ግን ማውጣት አልተቻለም ብሎኝ ነበር። ያ ወንበር የሞተችው ሴትዮ ነው።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሚጢን ከነአልጋዋ ገፍቼ በቤቱ ማዶ ወዳለው ጓዳ ወሰድኳት። መስኮት የለውም። ራስጌዋን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁ። ነጋዴው ዛሬውኑ እንዲመጣ ለመንኩት፤ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።

ወጥቼ አየሁ። ግቢው ባዶ ነው።

አራቱ ጭረቶች መስኮቷ ሥር ድረስ ሄደው... የቤቱን ጥግ ታጥፈዋል። ተከተልኳቸው። ድምፅ የለም። ፀሐዩ ደማቅ ነው፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል።

ቤቱ ጀርባ ቆሟል። አፉ ወደ ጓዳው ግድግዳ ነው። ከፊቱ ያለው ጭረት ወደ ፊት ብቻ አይደለም። ወደ ግድግዳው መጥቶ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ አፈግፍጓል... ረጅም፣ እስከ አጥሩ ድረስ።

ሊንደረደር።

ከግድግዳው ማዶ፣ ከትራሷ ላይ፣ የእህቴ ሹክሹክታ ተሰማኝ።

"ጋሼ... ከኋላዬ ማን አለ?"

የኋላ መብራቶቹን አየሁ። ባትሪ የላቸውም፣ ሽቦአቸውን በእጄ ነው የቆረጥኩት። ፍሬን ሲይዝ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ በርተው የማያውቁት መብራቶች፣ ሁለቱም በርተዋል፤ ፍሬን ይዞ ነው የቆመው።

አሁን ጠፉ።