ለሠርጋችን የተመረመረው ደም

እጮኛዬን ከተማን ያገኘሁት እዚህ ሆላንድ፣ ወደ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ በሚሄደው ትራም ላይ ነው። አጠገቤ ተቀምጧል፤ ቦርሳው ውስጥ የሆነ ነገር ጲጥ ጲጥ ይላል። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሦስት አሮጊቶችን አጥቤ አልብሼ ከሥራ መውጣቴ ነው፤ ራሴን አሞኛል።

«ወንድሜ፣ ስልክህን አጥፋው» አልኩት በአማርኛ። ሐበሻ መሆኑ ያስታውቃል።

«ካጠፋሁት እሞታለሁ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ቦርሳውን ከፍቶ ባትሪ ቀየረ። ከባትሪው የወጣው ገመድ በሆዱ በኩል ገብቶ ልቡ ላይ ከተተከለች ፓምፕ ጋር ይገናኛል። የራሱ ልብ ደክማ፣ ሌላ ልብ እስኪገኝለት የሚኖረው በእሷ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን እስክወርድ ድረስ ሲያስቀኝ ነበር።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። አጎቴ ሙሉነህ «በባትሪ ለሚሠራ ሰው ልጅ አልድርም» ብሎ ብዙ አስቸገረ። እኔ ግን ጆሮዬን ደረቱ ላይ ሳስጠጋ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርመውን ያንን ድምፅ ወድጄው ነበር። ደቡብ ሮተርዳም ያሉት የነፍስ አባታችን፣ አባ ገብረሥላሴ፣ ጋብቻችንን ከፋሲካ በኋላ ቀጠሩልን። እንደ ደንቡም «የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ የደም ምርመራ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉን።

በሆሳዕና ሰሞን ሁለታችንም ደም ሰጠን። ወዲያው ከተማን ትኩሳት ጀመረው። ገመዱ በገባበት ቁስል ኢንፌክሽን ወደ ደሙ አልፎ ነበር። ሆስፒታል ስወስደው፣ ሐኪሟ እንዲህ ሆኖ ንቅለ ተከላ እንደማይቻልና ከተጠባባቂዎች ዝርዝር እንደወጣ፣ የቀሩትም ቀኖች ጥቂት እንደሆኑ ነገረችን። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ያንን ልብ እምቢ ባይል ኖሮ» አለች፣ የማውቅ መስሏት።

«የቱን ልብ?»

ነርሷ እንደነገረችኝ፣ ከወር በፊት የሚስማማው ልብ ተገኝቶለት ነበር። ለጋሹ የጉበት ቫይረስ ነበረበት። ቫይረሱ ከልቡ ጋር እንደሚተላለፍ፣ በሦስት ወር ክኒን ግን እንደሚድን ነግረውታል። አልፈልግም ብሎ ፈረመ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን፣ ከተማ?»

ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

«አባ ወረቀት አምጡ ብለዋል» አለኝ በመጨረሻ። «ቫይረስ ተገኘበት ቢባልስ? አጎትሽ ምን እንደሚል አስቢ። ንጹሕ ሆኜ ላገባሽ ፈለግኩ፤ ሌላ ልብ አይጠፋም ብዬ።»

«እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ተቀበል እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ድንቅነሽ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

ልመታው ፈልጌ አቀፍኩት።

አባ በማግስቱ በሜትሮ መጡ። ሁሉንም ስነግራቸው ኮሪደሩ ላይ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ ተነጋግራችሁ ወደ ትዳር እንድትገቡ ነው» አሉ። «ታሟል ብዬ የመለስኩት ሙሽራ የለም። ምነው ቢጠይቀኝ?»

«አፍሮ ነው፣ አባ። እባክዎ ይህን እንዳይነግሩት። ልቡን እምቢ ያለው በከንቱ መሆኑን ሳያውቅ ይሂድ።»

ስንገባ ከተማ በጭንቅ ዓይኑን ገለጠ። «አባ፣ ይቅርታ፣ ወረቀቱን ሳላመጣልዎ…» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ደርሷል?»

አልደረሰም ነበር።

«ደርሷል» አልኩት። «ንጹሕ ነህ።»

አባ ቀና ብለው አዩኝ። መስቀላቸውን አሳለሙትና እጁን በእጄ ላይ አድርገው ጸለዩልን። እሱም በትራሙ ላይ እንዳየሁት ፈገግ አለ።

በትንሣኤ ማግስት ዐረፈ።

ወረቀቱ በፖስታ የመጣው በሳምንቱ ነው። አልዋሸሁትም ነበር። ጉበቱ ፍጹም ጤነኛ ነው ይላል።